ከጉድጓዱ ጥግ የወጣ ማሽላ

የቦኬው ገበሬ አቶ ታጁዲን ወደ አሰበ ተፈሪ ከተማ ገበያ ያወጡት ማሽላ አልሸጥ ብሏቸው ወደ ቤት እየተመለሱ ነው። ጆንያውን ይዘው መናኸሪያ ሲደርሱ ከማን ጋር ቢገናኙ ጥሩ ነው? ከሟች ወንድማቸው ልጅ ከሙስሊማ ጋር። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለዕረፍት ከመጣች ሳምንት ያልሞላት ልጅ ሻንጣ ይዛ ቆማለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አጎቴ። እግዜር ነው ያመጣዎት» አለችና አፏን ይዛ «አላህ ነው» ብላ አረመች፤ የኮሌጅ ጓደኞቿ አፍ ተጋብቶባት ነው።

«ወአለይኩም ሰላም። ወዴት ነው?»

«ወደ ኮሌጁ ነው። ምርምር ለምንወድ ተማሪዎች የሁለት ሳምንት ዐውደ ጥናት ተዘጋጅቷል። ያልተገኘ ዘንድሮ በምርምር ሥራ አይመደብም። እናቴ ግን አጎትሽ ካልፈቀደ አትሄጂም ብላለች።»

«ደግ ብላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሯችሁ ነበር ታዲያ? በትምህርት ላይ ትምህርት ምን ይባላል?»

«ክፍል ውስጥ መልስ እንሸመድዳለን፤ እዚያ አጠያየቅ እንማራለን።»

«መጠየቅማ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቃል።»

ሙስሊማ አልተከራከረችም። ጆንያውን ፈትታ አሸተተችና «ይህ ለምን ተመለሰ?» አለች።

«ነጋዴው ሸረኛ ነዋ። ናሙናውን አሳየሁት፣ ወደደው። ጆንያውን ሳመጣለት ሸተተኝ አለ። ወላሂ፣ ከአንድ የእህል ጉድጓድ ነው የወጣው።»

«ናሙናውን ከጉድጓዱ ከየት ዘገኑት?»

«ከመሀል ነዋ። እኛ ሁሌም ከመሀል ዘግነን ነው እህሉ ደኅና ነው የምንለው።»

«ጆንያውንስ ከየት ሞሉት?»

አቶ ታጁዲን ከጆንያው ዘግነው ራሳቸው አሸተቱት። የሞሉት እርጥበት ከሚመጣበት ከጉድጓዱ ግድግዳ ጥግ ነበር። ዓምና ከዚያው ጥግ የወሰዱት ዘር አልበቅል ሲል የረገሙት ዝናቡን ነው። ሐፍረት ተሰማቸው።

«የምንማረው ይህንን ነው» አለች ሙስሊማ ለስለስ ብላ። «ከላይ፣ ከመሀል፣ ከጥግ፣ ከታች ለየብቻ ወስዶ ምልክት ማድረግ። ያልወደዱትንም ውጤት ሳይደብቁ መጻፍ። ከዚያም ገበሬ ፊት ቆሞ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰው በስድሳ ዓመቱ ተሳስቼ ነበር ማለት ይከብደዋል። አቶ ታጁዲን ግን ዘራቸውን ይወዳሉ።

«እንግዲህ አጠያየቅ የሚያውቅ ልጅ ካለን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዘራችን ይበቅላል፣ ነጋዴም አይመልሰንም፣ ዝናቡንም በከንቱ አንረግምም።»

ሻንጣዋን ራሳቸው አንስተው ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጡ። ከኪሳቸው የተረፈውን ናሙና በአንድ መሐረብ፣ ከጆንያው የዘገኑትን በሌላ ቋጠሩ። ጽሕፈት አያውቁም፤ ሁለተኛውን ደግመው ቋጠሩት።

«አንድ ቋጠሮው የመሀሉ፣ ሁለት ቋጠሮው የጥጉ ነው» አሉ። «ሂጂ። እንዳትደባልቂያቸው።»