ከላይ ማቀዝቀዣ፣ ከጠረጴዛ ሥር ማሞቂያ

የሕንፃው ባለቤትና ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ የእህታቸው ልጅ ረፋዱ ላይ ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። ሊፍቱ ቆሞባቸው እሳቸው እያለከለኩ ይወጣሉ፤ እሷ አዲስ ፊውዝ ተክታ፣ የተቃጠለውን በእጇ ይዛ ትወርዳለች።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? አሁንም እሱው ነው?»

«እሱው ነው ጋሼ። በዚህ ሳምንት አራተኛው።»

«ተከራያችን ጥርስ ሐኪሟ አፉን የከፈተ ታማሚ ይዛ ጨለመባት። ዛሬ ከተደገመ ለቅቄ እወጣለሁ ብላኛለች። በቃ፣ ትልቅ ጄኔሬተር አስመጣለሁ!»

«ለተሸነቆረ እንስራ ወንዝ ቢጠልፉለት ይሞላል?»

ይህን ስትናገር ለስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ባዕድ መሐንዲስ ቢናገረው ኖሮ ወንበር ስበው ያዳምጡት ነበር፤ ያሳደጓት ልጅ ስትናገረው ግን ምክር ሳይሆን ጭቅጭቅ ይመስላቸዋል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ጋሼ። ይምጡ፣ ሥሩን ላሳይዎት።»

ወደ ጸሐፊያቸው ክፍል ገቡ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እዚህ ግን መጋረጃው ተጋርዷል፣ መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ ጸሐፊዋ ካፖርት ደርባለች። ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ማሞቂያ ቀልቶ ይነድዳል።

«ምንድን ነው ይሄ? በዚህ ሙቀት?» አሉ ባለቤቱ።

«ሙቀቱ ውጭ ነው ጋሼ!» አለች ጸሐፊዋ። «የማቀዝቀዣውን ማስተካከያ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ይዞራሉ። ልሙትልዎት እንዴ?»

«የቆለፍኩት እኮ ሰው እንዳያባክን ብዬ ነው!»

«ይኸው ባከነ!» አለች የእህታቸው ልጅ። «ከላይ ያበርዳል፣ ከታች ያነድዳል፤ ሁለቱ ሲደባደቡ ገላጋዩ ፊውዝ ይሞታል። እንዲህ ያለ ማሞቂያ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ። ደግሞስ ብርሃን እንዲገባ ብለው መስታወት አስገጠሙ፣ ብርሃኑን በመጋረጃ መለሱት፣ ጨለመ ብለው መብራት አበሩ።»

«መብራት የሌለው ሕንፃ ሰው የሸሸው ይመስላል፣ አንቺ ልጅ።»

«ጥርስ ሐኪሟ ዕቃዋን ስታወርድስ ምን ሊመስል ነው?»

ባለቤቱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

ማስተካከያው አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ነበር፤ ሃያ አምስት አደረገችው። ጸሐፊዋ ማንም ሳያዛት ማሞቂያዋን ነቀለች። መጋረጃው እስከ ግማሽ ተገለጠ፣ መብራቱም ጠፋ። ቀሪዎቹን ስምንት ክፍሎች አጎትና የእህት ልጅ እየተነታረኩ አዳረሷቸው።

እስከ ማታ ፊውዙ ንክች አላለም። ሐኪሟ ስትወጣ ባለቤቱን ጨብጣ፣ «ዛሬስ በሰላም ሠራን፤ ምን አደረጉት?» አለች።

«አጥንቼው ነው» አሉ ሰውዬው፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ልጅቱ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ላከች። «መልካም፤ ምስጋናው የእርስዎ ይሁን» አለች ሐኪሟ ስትርቅ፤ «ቁልፉን ግን ለእኔ ይስጡኝ።»

ሰጧት።

ጄኔሬተሩም ቀረ። ጎረቤት የጄኔሬተር ጭስ ሳይገባበት መስኮቱን ከፍቶ ንጹሕ አየር ይስባል፤ ሊፍቱም ሰው ያደርሳል፤ ጸሐፊዋም ካፖርቷን ቤቷ ትታለች። ኃይል ያነሰን መስሎን ተጨማሪ ከመፈለጋችን በፊት፣ ያለንን በምን እንደምናጣላው ጎንበስ ብለን ከጠረጴዛው ሥር እንይ።