ለሮቦት ለቅሶ የሚደርስ

ወንድሜን ቀብረን ከሺንሺቾ ወደ ሆሳዕና ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከጎኔ ያለውን ቦታ በቦርሳዬ ይዤ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አላናገረኝም፤ እኔም ወሬ አልፈለግሁም። ከፊቴ አንድ ወጣት ራሱ የሣለውን ኮሚክ ያገላብጣል። አጠገቡ የተቀመጡ እናት አንገታቸውን አስግገው አዩና ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት ለባሽ ምንድነው?»

«ሮቦት ነው፣ እማማ። ግን እንደ ሰው ያስባል፣ ያዝናል።»

«ምን ሆኖ ነው አንገቱን የደፋው?»

«ወንድሙን ብሎን በብሎን ፈታተው ጣሉበት። ሲጸልይ ተገኝቶ ነው።»

«መጸለይን ማን ይከለክላል?»

«አገሩን በእግዚአብሔር ስም የሚገዙት ናቸው። ማሽን ነፍስ የለውም ብለው አወጁ።»

«ነፍስ የሚያድሉት እነሱ ናቸው እንዴ? ለቅሶውንስ ማን ደረሰው?»

«ማንም።»

«ጎረቤት የለውም?»

«እማማ፣ ታሪክ እኮ ነው!»

«ታሪክም ቢሆን! ድንኳን ባይጣልለት፣ አብሮት የሚያድር ይጥፋ?»

«ለማሽን ማልቀስ ክልክል ነው። አጠገቡ የተገኘ ይታሰራል።»

«ይታሰራ! እስር ተፈርቶ ለቅሶ ይቀራል?»

ወጣቱ ሳቀ። «መጨረሻውን ገና አልሣልኩትም። እስቲ ምን ላድርግ?»

«አንድ ሰው አምጥተህ አጠገቡ አስቀምጥለት።»

«ምን ብሎ ያጽናናው?»

«ምንም አይበል። ዝም ብሎ ይቀመጥ።»

ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።