የሦስተኛ ዓመቷ አሸናፊ

ዓለም አቀፉ የተማሪዎች ጨዋታ፤ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ እንዳበቃ፣ አንደኛ የወጣችው ፍታለምና ሁለተኛ የወጣችው የቡድን ጓደኛዋ ዙፋን፣ ላባቸው ሳይደርቅ በጋዜጣዊ መግለጫው ክፍል በር ላይ።

ፍታለም፦ እባክሽ ዙፋንዬ፣ ሊጠሩኝ ነው! ጂኦሎጂ ማለት ምንድን ነው?

ዙፋን፦ የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ አይደለሽ እንዴ? ባጅሽ ላይ ተጽፎ ደረትሽ ላይ ተንጠልጥሎልሻል እኮ።

ፍታለም፦ የቡድን መሪያችን ናቸው ያጻፉት። ጋሽ ደምሰው። «ማንም አይጠይቅሽም» ብለውኝ ነበር።

ዙፋን፦ እውነታቸውን ነዋ! አሥረኛ ብትወጪ ማን ይጠይቅሽ ነበር? ጥፋቱ የእግርሽ ነው።

ፍታለም፦ አታሹፊብኝ! አንቺ የምትማሪውን እኮ ነው የጠየቅኩሽ።

ዙፋን፦ የክፍሌ ልጅ መሆንሽን ዛሬ ሰማሁ። የት ነው የምትቀመጪው? ከኋላ?

ፍታለም፦ እሺ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የክለብ ሯጭ ነኝ። ደስ አለሽ?

ዙፋን፦ በጣም። ጂኦሎጂ ስለ ድንጋይ ነው።

ፍታለም፦ ድንጋይ? ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳችሁ ድንጋይ ነው የምትማሩት?

ዙፋን፦ ይቺን ለጋዜጠኞቹ ድገሚላቸው። ይወዱሻል።

ፍታለም፦ ኧረ በእናትሽ! አንድ የድንጋይ ስም ስጪኝ።

ዙፋን፦ ባዛልት።

ፍታለም፦ ባዛ... ምን?

ዙፋን፦ ተይው፣ ኮብልስቶን በይ።

ፍታለም፦ እሱማ ሰፈራችንም ተነጥፏል።

ዙፋን፦ ተመርቀን የምንሠራውም እሱኑ ነው።

ፍታለም፦ ስሚ፣ ሩጪ አሉኝ፣ ሮጥኩ። እግሬን ከማንም አልሰረቅኩም።

ዙፋን፦ እግሩስ ያንቺ ነው። ውድድሩ ነው የተማሪ። አንቺ ልምምድሽን ሠርተሽ፣ በልተሽ፣ ታሽተሽ ትተኛለሽ። እኔ ከላብራቶሪ ወጥቼ ነው ትራክ የምገባው፤ በዚህ ውድድር ምክንያት ፈተና አምልጦኛል። በመጨረሻው ዙር ደግሞ ዞር ብለሽ ሳቅሽብኝ!

ፍታለም፦ አልሳቅኩም! ደክሞኝ ነው ጥርሴ የታየው።

ዙፋን፦ እናቴ በቴሌቪዥን እያየችኝ ነበር።

ፍታለም፦ የኔም እናት እያየች ነበር። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች።

ዙፋን፦ ወይ ጉድ! እሷንም ውሸቱ ውስጥ አስመዘገባችኋት?

ፍታለም፦ ምን ልበላት ታዲያ? ደስ ብሏት አለቀሰች... ቆይ፣ ጋሽ ደምሰው ቅድም ለብቻሽ ጠርተው ምን አሉሽ?

ዙፋን፦ አስተርጓሚው ቀርቷል። «ከቡድኑ እንግሊዝኛ የምትችይው አንቺ ነሽ፣ ለፍታለም አስተርጉሚላት» አሉኝ።

ፍታለም፦ አንቺ? ለኔ? እሺ አልሻቸው?

ዙፋን፦ በደስታ ነዋ! ይኸው፣ በሩ ተከፈተ።

ፍታለም፦ ዙፋን፣ ቆይ! ምን ብለሽ ልታስተረጉሚ ነው?

ዙፋን፦ ግቢ እንጂ፣ ካሜራው እየጠበቀሽ ነው። አንቺ በአማርኛ ያሻሽን አውሪ፤ እንግሊዝኛው የኔ ነው።