ከነጥብ በኋላ አራት ዜሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ የስብሰባ ክፍሉን አዘጋጅታችሁ፣ ሥራችሁንም ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። አለቃችን “አምስት ደቂቃ” ብለውኛል። አምስት ነጥብ ስንት እንደሆነ ብጠይቃቸው ሰዓታቸውን አሳዩኝ።

ባለቤቴ እዚህ ስላለች ሥራችንን ላስረዳ፤ ሃያ ዓመት ጠይቃኝ በቅጡ አልመለስኩላትም። የዓይን ፎቶ አይቶ “ሐኪም ይያት” ወይም “ደህና ናት” የሚል ፕሮግራም አለን። የተሠራበት ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈውት እኛ የምንገለገልበት ኮድ፣ አረጀና ወደ አዲስ አዛወርነው። ፎቶው ያው፣ ስሌቱ ያው። ታዲያ መልሱ አንድ አይሆንም? አይሆንም።

ለዚህ ነው ሁለት መቶ ፎቶ በአሮጌውም በአዲሱም እያስነበብን የምናስተያየው። የሁለቱ መልስ ልዩነት ከተፈቀደው ወሰን ካለፈ ፈተናው ቀይ ይሆናል፤ ወደቀ ማለት ነው። ወሰኑን ያወጣችው እዚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ባልደረባችን ናት። ልዩነቱ ላይ ከነጥብ በኋላ አራት ዜሮ ካልተደረደረ አላሳልፍም ስለምትል “አራት ዜሮ” አልናት።

“አንቺ ልጅ፣ ነገር አታጥብቂ” እላት ነበር።

“ጋሼ፣ ትንሽ ነው ካሉ ትንሽ ነው። ግን ከየት መጣ?”

አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እናቷን ልታስታምም ፈቃድ ወጣች። ፈተናው ቀይ ነበር። ልዩነቱን አየሁት፤ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱን ከመፈለግ ወሰኑን ማስፋት ቀለለኝ። ሁላችንም በምንጋራው የይለፍ ቃል ስለገባሁ የማንም ስም አልተመዘገበም። አረንጓዴ በራ፤ እናንተም አጨበጨባችሁ።

በሳምንቱ ፕሮግራማችንን ከሚጠቀም ክሊኒክ አንዲት ሲስተር ደወሉ። “ፕሮግራማችሁ ባለፈው ወር ሐኪም ይያት ያላትን ሴትዮ ዛሬ ደህና ናት ይላል። ፎቶው ያው ነው። የቱን ልመን?” መልሳችንን ሳይጠብቁ ሴትዮዋን ወደ ሐኪም ላኳት። ዓይኗ ተረፈ። ያተረፍናት ግን እኛ አይደለንም።

ምክንያቱን ኋላ ሁላችሁም አወቃችሁት። በዜሮ ላለማካፈል ሲባል አካፋዩ ላይ ትንሽ ቁጥር ይጨመራል። አሮጌው አንድ ሺህኛ ይጨምር ነበር፤ አዲሱ የዚያን አንድ መቶኛ። ሃምሳ ቦታ ሲደጋገም፣ ጠብ ጠብ እያለ እዚያች ሴትዮ ዓይን ላይ ደረሰ። አንድ መስመር ቢታረም ይበቃ ነበር።

የማታውቁት ሌላ ነው። በግምገማው ስብሰባ ላይ “ይህን ፈተና የጻፈው ማነው?” ተባለ። እሷ ናት። “ጽፌዋለሁ፤ ወሰኑን ግን አላሰፋሁም” አለች። “ፈቃድ ሳትወጣ አስፍታው ይሆናል” ተባለ እንጂ ማንም አላመናትም። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ለእሷ ታስቦ የነበረው የቡድን መሪነት ለእኔ ሲሰጠኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩ።

ወሰኑን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ለአለቃችን በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ የተወራባት በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት ልናገረው ፈለግሁ። ሁለት ዓመት ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል።

እህቴ፣ ይቅር በይኝ። መልስሽን ግን እዚህ፣ ሰው እያየሽ፣ አልጠይቅሽም።

ለሁላችሁም ጤና ይስጣችሁ፤ የጀመራችሁት ይቃና፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። “ከየት መጣ?” እያለ የሚያስቸግራችሁ ሰው አያሳጣችሁ። እኔንስ አላሳጣኝም ነበር፤ ፈቃድ እስክትወጣ ጠበቅኳት እንጂ።