ትልቁ ጋላክሲ የማይበትነው
ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ዶሃ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«የማዳም ልጅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ለእኔ እያስረዳች ነው የምትለማመደው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጋላክሲ። ኮከቦቹ ብረትና ኦክስጅን ሠርተው ሲፈነዱ፣ ትንሹ ጋላክሲ ስበቱ ደካማ ነው፤ ኸላስ፣ በቃ፣ ይበተንበታል። ትልቁና ከባዱ ግን ይዞ ያስቀረዋል፤ አዲስ ኮከብም ይሠራበታል።»

«ኡም ጉዋይሊና ሰፈር ዓርብ ዓርብ እንደምንሰበሰብባት ክፍል በይኛ!»

«እንዴት?»

«እናቴ ስትሞት ለቅሶ የተቀመጣችሁልኝ እዚያ አይደል? ማዳም ቤት ብቻዬን ብሆን ተበትኜ ነበር። ግጥም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ያዛችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ባለፈው ለአዲሷ ልጅ መርዶ ሲመጣ፣ ቀድመሽ ያቀፍሻት አንቺ አይደለሽ?»

«ከእናንተ ባገኘሁት ብርታት ነዋ!»

መውረጃዬ ሲደርስ፣ እነሱ በሚወርዱበት ልውረድ ብዬ፣ የማቆሚያውን ደወል ሳልጫን አሳለፍኩት።