የመዝናኛው ክፍያና የኔ ጭብጨባ

ቅናት ሰውን ምን እንደሚያናግረው ልንገራችሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ የምንኖርበትን ግቢ የሠራው ባለሀብት ለግቢው መዝናኛ ቦታ የምንከፍለውን ወርሃዊ ክፍያ ልጨምር ብሎ ነዋሪውን ሰበሰበ። እኔ ጭማሪውን የምቃወምበትን ንግግር ሳምንት ሙሉ ሳጠና ከርሜአለሁ። ጎረቤቴ መምህር አንዱዓለም ግን ቀደመኝና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ መዝናኛ ባሉት ሜዳ ላይ እስካሁን የሚዝናኑት የዘበኛዎ በጎች ናቸው፤ ጭማሪውን እነሱን ይጠይቁልን!» አለ።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ደግሞ የኔዋ ሚስት! ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ «እኔ በበኩሌ ጭማሪው አልበዛብኝም፤ እንዲያውም አንሷል!» አልኩ። ሚስቴ አንገቷን ደፋች። ጭብጨባ እንደሁ አላጣሁም፤ ባለሀብቱ ብቻውን ቆሞ አጨበጨበልኝ።