የግራ ክርን ጥያቄ

ነገሩ ከቀሚስ ጠርዝ ተጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ቀሚሷን ለማሳጠር ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ጎራ አለች። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የኖረች፣ የልጇ ነገር ዘወትር የሚያስጨንቃት እናት ናት። ራሷ ፊደል የቆጠረችው አምና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶች ከሚማሩበት ክፍል ገብታ፣ ሰሌዳ ላይ ያለውን ወደ ደብተሯ ስትገለብጥ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። የሞላ ደብተር ለእሷ የሞላ ጎተራ ነው።

ደንበኛዋ በርጩማ ላይ ቆማ ጠርዙ በስፒል ሲያዝላት፣ ልብስ ሰፊዋ የሆዷን ዘረገፈችላት። ልጇ አምስተኛ ክፍል ናት፤ አንዲት አዲስ መምህርት ታብሌት እያስያዘች “ጠይቁ፣ ፈልጉ” ትላቸዋለች አሉ። በወር ውስጥ የተጻፈው አራት ገጽ ብቻ! ስለዚህ ሰኞ ልጅቷን አስወጥታ፣ ደብተር ወደሚሞላበት ሌላ ትምህርት ቤት ልትወስዳት ቆርጣለች።

“መምህርቷን አነጋግረዋታል፣ እትዬ?” አለች ደንበኛዋ።

“ምን ብዬ፣ ልጄ? ሥራዋን ለዕቃ ሰጥታ የምትቀመጥን ሰው ምን ይሏታል?”

“እንግዲህ እዚሁ ይንገሩኝ። መምህርቷ እኔ ነኝ።”

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን በስፒል ወጋች። ወዲያው “አንቺ” ቀርቶ “እርስዎ” መጣ፤ መምህርቷ ገና ከላዩ ሳትወርድ በርጩማው በጨርቅ ተጠረገ። ሐፍረቱ ግን ሐሳቧን አላስለወጣትም።

“ይቅር ይበሉኝ፣ መምህር። እኔ ማይም ሆኜ የኖርኩት የሚያስጽፈኝ አጥቼ ነው። ልጄ ያልጻፈችውን ምኑን ታጠናለች? ዕቃው ሁሉን ከነገራትስ ጭንቅላቷ ምን ይሠራል?”

“ይህን እኔም እፈራለሁ” አለች መምህርቷ። “ታብሌቱ ያለውን ከገለበጡ፣ ከሰሌዳ ከመገልበጥ በምን ይሻላል? ለዚህ ነው መጀመሪያ የራሳቸውን ጥያቄ አምጡ የምላቸው። ልጅዎ ያመጣችው ጥያቄ የወጣው ከዚሁ ቤት ነው።”

እውነትም ከዚያው ቤት ነበር። ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ሸሚዝ በጠገነች ቁጥር፣ የእነዚህን ልጆች የግራ ክርን ውሻ ይበላዋል እንዴ እያለች ታጉረመርማለች። ልጅቷ ይህንኑ ወደ ክፍል ወሰደችው። ታብሌቱን ቢጠይቁት፣ እጅጌ የሚሳሳው ክርን ዴስክ ላይ ሲደገፍ ነው አላቸው። ልጅቷ ግን አልተዋጠላትም፤ ዴስክ ከሆነ የቀኙስ ለምን ደህና ሆነ? ስለዚህ ልጆቹ የየራሳቸውን እጅጌ ፎቶ አነሱ፤ የክፍሉን አቀማመጥ ታብሌቱ ላይ ሥለው፣ ክርኑ የሳሳበት ተማሪ ወንበር ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉ። ልጅቷ ለጥገና የመጡትን ሸሚዞች ሳይቀር ፎቶ ስታነሳ፣ እናቷ “ጨዋታሽን ተይና ጻፊ” ብላ ተቆጥታት ነበር።

ይህን ሲያወሩ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ደረሰች። መምህርቷን እናቷ ቤት፣ ያውም ስፒል የተሰካበት ቀሚስ ለብሳ ስታያት በሩ ላይ ክው አለች። እናቷ ግን አልተቆጣችም፤ ያን ሥዕልሽን አሳዪኝ አለቻት። ቀይ ነጥቦቹ በግራ በኩል ግድግዳውን ታከው ተሰልፈዋል። ግድግዳው ደግሞ ያልተለሰነ፣ እንደ ሞረድ የሚፍቅ ነው።

“አንዷ ነጥብ ብቻ እምቢ አለችን” አለች ልጅቷ፣ መሀል ክፍል ለብቻዋ የቀረችውን እያሳየች። “እዚህ የሚቀመጠው ልጅ ግድግዳ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም። ታብሌቱም ምክንያቱን አላወቀውም። ግምታችን ሳይሳሳት አይቀርም።”

እናትየዋ የልጁን ሸሚዝ ፎቶ አሰፍታ አየችው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ስፌቱ የራሷ ነበር።

“ይህማ የታላቅ ወንድሙ ሸሚዝ ነው። አምና እኔ ነኝ ያጠበብኩለት፤ ይኸውልሽ እጥፋቱ። ወንድምየው እዚያ ክፍል ሲማር የት ይቀመጥ እንደነበር ሂጂና ጠይቂው።”

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ሮጣ ተመለሰች፤ ወንድምየው ይቀመጥ የነበረው ግድግዳው ጥግ ነበር።

“ይህን የትኛውም ታብሌት አይነግረንም ነበር፣ እትዬ” አለች መምህርቷ። “ዕቃው የያዝነውን አሳየን እንጂ፣ የጠረጠረችው ልጅዎ ናት፤ የፈቱት እርስዎ ነዎት።”

“ይህን ሁሉ ዘመን ክርን ስጥፍ አንድ ቀን ‘ለምን?’ አላልኩም” አለች ልብስ ሰፊዋ። “በሉ ሰኞ ልጄ እርስዎ ጋ ናት። ግን ያገኙት ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ነገር ይረሳል።”

መምህርቷ ሳቀች፤ በዚህ በኩል ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ አምና ተቀበለች። ልጅቷም ግድግዳው እንዲለሰን ለርዕሰ መምህሩ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። እናቷ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበችው። አንድም መስመር ከሰሌዳ የመጣ አልነበረውም።

ግድግዳው በዕረፍቱ ሳምንት ተለሰነ። ሸሚዞች ዕድሜ አገኙ። የክፍሉ ልጆችም የመጀመሪያውን መልስ ሳያጣሩ ላለመዋጥ፣ በዓይናቸው አይተው ለማመሳከር፣ ታብሌት የማያውቀውን ከሚያውቅ ሰው ለመጠየቅ ለመዱ። እንዲህ ያለው ትምህርት ልጅ ካደገም በኋላ አብሮት ይኖራል።

ለክርን ጥገና ግን ድርሽ የሚል ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ሊያሳጥር ለሚመጣ ሁሉ፣ ከኩራት ብዛት ስፒሉን መሰካት እየረሳች፣ “ገበያዬን የዘጋችብኝ የገዛ ልጄ ናት” ትላለች።